ስለ ቅኔ መሰብሰብና ስለ ባለቅኔዎች መታሰቢያ

ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ብዙ ሳይርቅ ዘንገና የሚባለውን ባሕር ያገኛል። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጕድጓድ የተጠራቀመ ውኃ ነውና ቅርጹ ክብ ነው፤ ዳርቻውንም ገደልና ዱር ከቦታል። ታላቅ ወንዝ ሲገባበት አይታይም፤ ጠብታ በጠብታ ላይ እየተጨመረ ባሕር ሆነ እንጂ። የቅኔም መጽሐፍ እንደዚህ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አይሞላውም፤ ከየደብሩና ከየጉባኤው ጥቂት ጥቂት እየተቀዳ ይከማቻል።

የቅኔ ሕግ ግን መከማቸትን የሚወድ አይመስልም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፥ ክብር ይእቲ አራት ቤት፥ ሥላሴ ስድስት ቤት፥ መወድስም ስምንት ቤት ሆኖ ሲቈጠር፥ ለዕለቱ በዓል አዲስ ሆኖ መቅረብ አለበት። ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም፥ ወይም የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ፥ በሊቃውንት ፊት ነውር ነው። ስለዚህ እጅግ ያማረው መወድስ እንኳ በማኅሌት አንድ ጊዜ ተሰምቶ ያልፋል። ተቀባዩ ሲቀበለው፥ ሊቃውንቱም ምሥጢሩን ሲያደንቁ ይቈያሉ፤ ቅዳሴው ሲገባ ግን ቅኔው በሰሚዎች ልብ ብቻ ይቀራል።

በልብ የቀረውን ያቈየው የጉባኤው ሥርዓት ነው። ተማሪው ቅኔ ቈጠራ ወጥቶ በዱር ለብቻው ያስባል፤ ወደ ማታ ተመልሶ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል። ከዚህ በኋላ መምህሩ ራሱ ሲዘርፍ ተማሪዎች ተሽቀዳድመው በቃላቸው ይይዛሉ። እነርሱም በተራቸው ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ የየኔታን ቅኔ ከነምሥጢሩ ይዘው ይሄዳሉ። እንግዲህ የአንድ ሊቅ ቅኔ ለእኛ ደርሶ ቢገኝ፥ የደረሰው ሊቅ አንድ ነው፤ ያደረሱት ግን ብዙዎች ናቸው።

የዚህን ትምህርት መነሻ ሊቃውንት ሲተርኩ፥ አንዳንዶቹ በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ ነበረው ወደ ቅዱስ ያሬድ ያደርሱታል፤ ሌሎችም ዮሐንስ ገብላዊንና የጎጃሙን ተዋነይን ያነሣሉ። የቅኔ ቤቶችም ዋድላ፥ ጎንጅና ዋሸራ ተብለው በሦስት ሲጠሩ፥ ከሦስቱ ሁለቱ በጎጃም ምድር ናቸው። ስለዚህ ለዘንገና አካባቢ ተማሪ የቅኔ ትምህርት የሩቅ አገር ነገር አልነበረም።

ይህን ሁሉ በቃል የኖረ ሀብት በማተሚያ ቤት ከሰበሰቡት አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1915 ዓመተ ምሕረት የታላላቅ ሰዎችን ዜና የያዘውን «የሕይወት ታሪክ» አሳትመው፥ በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን ሰጡ። በ1918 ዓመተ ምሕረትም የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ በአንድ ጥራዝ ሰብስበው «መጽሐፈ ቅኔ» ብለው በአዲስ አበባ አወጡ። አሳቡ በሁለቱም መጻሕፍት አንድ ነው፤ ይኸውም ሰው ቢያልፍ ስሙና ሥራው አብሮት እንዳይቀበር ነው። እርሳቸውም በ1931 ዓመተ ምሕረት በስደት አገር በእንግሊዝ አረፉ፤ የሰበሰቡት ግን አልተሰደደም፤ በአገሩ ሲነበብ ኖረ።

በመጽሐፍ መሰብሰብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የጠላት ወረራ ዘመን በመራራ መንገድ አስተማረ። በግንቦት ወር 1929 ዓመተ ምሕረት የፋሺስት ጦር በደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱን፥ ካህናቱንና ዲያቆናቱን በፈጀ ጊዜ፥ የፈሰሰው የሰው ደም ብቻ አልነበረም። ትምህርቱ በቃል በሚያዝበት አገር አንድ መምህር መሞቱ አንድ ቤተ መጻሕፍት እንደ መቃጠል ነው። ብራና ቢቃጠል ሌላ ቅጂ ይፈለግ ይሆናል፤ በአንድ ሊቅ ልብ ብቻ የነበረውን ቅኔ ግን ከሊቁ በኋላ ከማን ይጠይቁታል?

ከነጻነት በኋላም ሥራው ቀጠለ። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1948 ዓመተ ምሕረት «አማርኛ ቅኔ» የተባለውን ስብስብ አሳተሙ፤ በዚህም ሰምና ወርቅ በአማርኛም እንደሚያምር ለአንባቢ ታየ። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀንበሬም በ1963 ዓመተ ምሕረት የወጣውን መጽሐፈ ቅኔያቸውን «ዝክረ ሊቃውንት» ብለው ሰየሙት። በ1980 ዓመተ ምሕረትም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የግእዝ ቅኔያትን የሥነ ጥበብ ቅርስ ብሎ አሳተመ። ዝክር ማለት መታሰቢያ፥ ቅርስም ማለት ከአባት ለልጅ የሚተርፍ ገንዘብ ነው፤ ሁለቱ ስሞች ተደምረው የቅኔ መጽሐፍን ጥቅም ይፈታሉ።

በሌላውም ዓለም ጥቁር ሕዝቦች የባለቅኔዎቻቸውን ሥራ በአንድነት መሰብሰብ የጀመሩት ክብራቸውን ለማስመስከር ነው። ኋላ የሴኔጋል ፕሬዚዳንት የሆነው ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ዓመት በፓሪስ ያወጣው መጽሐፍ በፈረንሳይኛ የጻፉትን የአፍሪቃ፥ የማዳጋስካርና የካሪብ ደሴቶች ባለቅኔዎች ሰበሰበ። በአሜሪካም ላንግስተን ሂዩዝ በ1963 ዓመት የጥቁር አፍሪቃን ግጥሞች ሲያሳትም ኢትዮጵያን ከአገሮቹ መካከል ቈጠራት። በ2020 ዓመትም አለሙ ተበጀና እንግሊዛዊው ክሪስ ቤኬት ተባብረው የአማርኛን ግጥም በእንግሊዝኛ ተርጕመው በማንቸስተር አሳተሙ፤ በዚያ መጽሐፍ የሕዝብ ግጥምና የጀግና ፉከራ ከ30 ከሚያህሉ የዛሬ ገጣሚዎች ሥራ ጋራ በአንድ ጥራዝ ተቀምጠዋል። ስሙ ያልታወቀው የባላገር ግጥም ስሙ ከታወቀው ገጣሚ አጠገብ መቀመጡ የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን ብዙ የተሰበሰበው የታላላቅ አድባራትና የከተማ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። የዘንገና ዙሪያ ሰው የሰባት ቤት አገው ወገን ነው። የዚያ አገር ልጅ ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ የእናቱ ቋንቋ አገውኛ፥ ከጓደኞቹ ጋራ የሚነጋገርበት አማርኛ፥ የሚቀኝበትም ግእዝ ነው። በሁለት ቋንቋ ተሻግሮ በሦስተኛው የሚቀኝ ሰው ድካሙ የበዛ ነውና ምስጋናውም ሊበዛ ይገባ ነበር።

አገውኛ ራሱም ከግጥም ጋራ ያለው ዝምድና የቈየ ነው። የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓመተ ምሕረት ወደ ግሽ ዓባይ በሄደበት ዘመን መኃልየ መኃልይን በአገራችን ልዩ ልዩ ቋንቋዎች አስተርጕሞ ነበር፤ የዳሞት አገው ቋንቋም ከነዚያ አንዱ ነው። ጽሑፉ ዛሬ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ይገኛል። ከመጻሕፍት ሁሉ መካከል የመዝሙር መዝሙር የሆነው መጽሐፍ በአገውኛ ተጻፈ ማለት ለቋንቋው ትልቅ ክብር ነው። ሆኖም ያስተረጐመው ሰው ስም በዓለም ሲጠራ፥ የተረጐሙት ሰዎች ስም እንደ እርሱ አልተጠራም።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ይሰበሰባሉ፤ ማኅበራቸውም በ1932 ዓመተ ምሕረት በጠላት ዘመን የተመሠረተ ነው። በዚያ ዕለት የሚሰማው ዜማና ፉከራ፥ በየደብሩም በበዓለ ንግሥ የሚቀርበው ቅኔ፥ ሁለቱም የአንድ አገር ቃል ናቸው። ጸሐፊ ካገኙ ታሪክ ይሆናሉ፤ ጸሐፊ ካጡ ግን ከሰሚው ጋራ ያልፋሉ።

ቅኔን መጻፍ የአዲስነቱን ሕግ ያፈርሳል የሚል ቢኖር፥ መጻፍ መድገም አይደለም ተብሎ ይመለስለታል። የተጻፈው ቅኔ ለተማሪ መንገድ፥ ለሊቁም ሐውልት ነው። ለዚህም ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የደብሩ ጸሐፊ የቅኔውን ቃል፥ የባለቅኔውን ስም፥ የተወለደበትን አገር፥ የተቀኘበትንም በዓል በአንድ መዝገብ ቢያሰፍር፥ ኋላ የሚነሣው ሰብሳቢ ባዶ እጁን አይመጣም። ጠብታው በየቦታው ከተያዘ ባሕሩ በጊዜው ይሞላል።