ፕሮሰሰር የሚያረጀው መቼ ነው?

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በሦስት ዓመት ያረጃል የሚለው እምነት ዛሬም ከብዙ ሰው አእምሮ አልወጣም። መሠረት አልነበረውም አይባልም፤ ነገር ግን የአንድ ዘመን ልጅ ነው፣ ዘመኑም አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የኢንቴል 386 በ16 ሜጋኸርዝ ጀመረ። በ1993 ፔንቲየም በ60 እና በ66 ሜጋኸርዝ ተከተለ፤ በ2000 ደግሞ ኤኤምዲና ኢንቴል በሁለት ቀን ልዩነት የ1 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር ይዘው ብቅ አሉ። በ15 ዓመት ከ60 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ያኔ ፕሮሰሰር ለመቀየር መካሪ አያሻም ነበር፤ አዲሱ ፕሮግራም አሮጌው ማሽን ላይ ሲንፏቀቅ ማየት ይበቃል።

የዕድገቱ ምስጢር የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ በ1974 ያሳዩት ስሌት ነው፦ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር የሚፈልገው ቮልቴጅም ስለሚቀንስ፣ በጠባብ ቦታ ብዙ ቢታጨቅም ሙቀቱ አይብስም። በ2000ዎቹ አጋማሽ ይህ አልሠራ አለ። እጅግ ያነሰው ትራንዚስተር ኤሌክትሪክ ያሾልክ ጀመር፣ ቮልቴጁም ከዚያ በታች አልወርድ አለ። ኢንቴል በ2004 የ4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ዕቅዱን ሰርዞ 3.8 ላይ ቆመ። የቀረው መንገድ ኮር ማብዛት ነበር፤ እሱም ቢሆን ከ2007 እስከ 2017 ድረስ በኢንቴል መደበኛ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከ4 አላለፈም። በ2011 ኮር አይ7-2600ኬ የገዛ ሰው ለዓመታት በጎረቤቱ አዲስ ማሽን ብዙም ያልቀናው ለዚህ ነው።

አዲሶቹ በአንድ ምት የሚሠሩት በዝቷል፣ ጊጋኸርዝ ብቻ መቁጠር ያሳስታል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ደብዳቤ ለሚጽፍና ሒሳብ ለሚይዝ ግን ማሽኑን ወደ ኋላ የሚጎትተው አብዛኛውን ጊዜ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ወይም የራም ማነስ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። የሚከብደው መከራከሪያ ሌላ ነው። ዊንዶውስ 11 በ2021 ሲወጣ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የነበሩት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ከዝርዝሩ ውጭ ሆኑ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ይህ ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ እነዚያ ፕሮሰሰሮች ሥራ አቅቷቸው ሳይሆን በውሳኔ ጡረታ ወጡ። ማዘርቦርዱም የራሱን ፍርድ ይሰጣል። ኢንቴል ከ2011 እስከ 2015 ብቻ 1155፣ 1150 እና 1151 የተባሉ ሦስት ሶኬቶችን ሲያፈራርቅ፣ በኤኤምዲ ኤኤም4 ግን በ2017 ማዘርቦርድ የገዛ ሰው ባዮሱን አድሶ በ2022 የወጣውን 5800ኤክስ3ዲ ሊሰካበት የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። ስለዚህ ከዕድሜው በፊት የማዘርቦርድዎን ሞዴልና የድጋፍ ዝርዝሩን ይመልከቱ፤ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ፕሮሰሰር ሶኬቱ ውስጥ ልክ ቢገባም ኮምፒውተሩ ላይነሳ ይችላል።