መድኃኒት የተላመደ የቲቢ ባክቴሪያን በዘረመል ምርመራ የመለየት ታሪክ

የቲቢ ባክቴሪያ አዝጋሚ ነው፤ አንድ ጊዜ ለመከፋፈል 20 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህም ባክቴሪያውን በእንቁላል በተዘጋጀ ማሳደጊያ ላይ አብቅሎ ከመድኃኒት ጋር ማጋጠም ብቸኛው መንገድ በነበረበት ዘመን፣ መድኃኒት መላመዱ የሚታወቀው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ነበር። እስከዚያው ታማሚው የማይፈውሰውን መድኃኒት ሲውጥ ይሰነብታል፤ ቤተሰቡም ያንኑ ባክቴሪያ ይተነፍሳል።

ይህን ጊዜ ለማሳጠር በር የከፈተው ቴሌንቲና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 በላንሴት መጽሔት ያወጡት ጥናት ነው። ሪፋምፒሲን የሚያጠቃው ባክቴሪያው ዲ.ኤን.ኤ.ውን ወደ አር.ኤን.ኤ. የሚገለብጥበትን ኢንዛይም ሲሆን፣ የኢንዛይሙን አንድ ክፍል የሚያሠራው ጂን አር.ፒ.ኦ.ቢ. ይባላል። ተመራማሪዎቹ መድኃኒቱን ከተላመዱ 66 ናሙናዎች በ64ቱ በዚህ ጂን ላይ ለውጥ አገኙ፤ ካልተላመዱት 56 ናሙናዎች ግን በአንዱም አላገኙም። ለውጦቹ የሚከማቹትም 81 የዘረመል ፊደላት ባሉት አጭር ቁራጭ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ለመርማሪ እምብዛም አይገጥመውም፤ የአይሶናያዚድ መላመድ፣ ለምሳሌ፣ በተለያዩ ጂኖች ላይ የተበተነ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ያጸደቀውና በአገራችን ባለሙያዎች ዘንድ ጂን ኤክስፐርት በመባል የታወቀው ምርመራ የቆመው በዚሁ ቁራጭ ላይ ነው። በመጀመሪያው ካርትሪጅ ውስጥ አምስት ብርሃን ሰጪ መፈለጊያዎች 81ዱን ፊደላት ተከፋፍለው ይሸፍናሉ፤ ለውጥ ባለበት ቦታ የዋለው መፈለጊያ አይጣበቅም፣ ወይም ዘግይቶ ይጣበቃል። የወራቱ ጥበቃ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ተተካ።

ፈተናው የመጣው ዛሬ ኤስዋቲኒ ከምትባለው ከስዋዚላንድ ነው። በአገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ብዙ መድኃኒት የተላመዱ ሆነው ከተገኙት 125 ናሙናዎች መካከል 38ቱ፣ ማለትም 30 በመቶው፣ ለውጣቸው በኮዶን 491 ላይ፣ ከ81ዱ ፊደላት ውጭ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ተዘገበ። መሣሪያው እነዚህን ሁሉ ሪፋምፒሲንን እንዳልተላመዱ ይቆጥራቸዋል። ተሳሳተ ለማለት ያስቸግራል፤ የታዘዘውን ቦታ በትክክል አንብቧል። ውጤቱን ይዞ የተለመደውን ሕክምና የሚጀምረው ታማሚ ግን ወደ ቀድሞው ዘመን ተመልሷል። በፈሳሽ ማሳደጊያ የሚደረገው ምርመራም ይህን ለውጥ ብዙ ጊዜ ያልፈው ስለነበር፣ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የሪፋምፒሲንን መለኪያ መጠን በሚሊ ሊትር ከ1 ማይክሮ ግራም ወደ 0.5 ዝቅ አደረገው።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 በመመሪያው ያካተተው የተመረጡ ጂኖችን ፊደል በፊደል የማንበብ ዘዴ ኮዶን 491ንም ያያል። ይህ ግን በማዕከላዊ ላቦራቶሪ የሚሠራ ነው፤ አክታው ወደዚያ የሚላከው ደግሞ «አልተላመደም» ተብሎ ሕክምና የጀመረው ታማሚ እንዳልተሻለው ያስተዋለ የጤና ባለሙያ ሲኖር ነው።