መሸታ ቤቱን የሚያሞቀው ማን ነው?

የአዲስ አበባ የሌሊት ሕይወት ሲወሳ መጀመሪያ የሚነሣው የመጠጡ ዓይነት፣ የባንዱ ስም ወይም የአስተናጋጆቹ ቁንጅና ነው። እነዚህ ሁሉ ሰው ይስባሉ፤ ይሁን እንጂ አንድ ደንበኛ እቤቱ በርካሽ ሊጠጣው የሚችለውን ቢራ ውጭ በውድ ዋጋ እየገዛ እስከ ሌሊት የሚቆይበትን ምክንያት አይነግሩንም። የከተማይቱ መሸታ ቤቶች ታሪክ የሚያሳየው ሰው የሚደሰተው በጨዋታው ውስጥ ድርሻ ሲኖረው መሆኑን ነው። ይህን ድርሻ እንደ አዝማሪ ቤት ሳይሰስት የሰጠ ቤት ደግሞ የለም።

የአዝማሪ ቤት አሠራር ራሱ ምስክር ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መቀመጫው በግድግዳው ዙሪያ ይደረደራል፤ ከፍ ያለ መድረክ አያስፈልግም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከአንዱ እንግዳ ወደ ሌላው ይዞራል፤ አብራው የምታዜም ሴትም ትኖራለች። የእንግዳውን ስም፣ የመጣበትን አገር፣ አብሮት የተቀመጠውን ሰው ይጠይቅና በዚያው ቅጽበት ስንኝ ይቋጥርለታል። ያወድሰዋል፤ ወዲያው ደግሞ ለኮፍያው ወይም ለመላጣው ነቆራ ጣል ያደርግበታል። እንግዳው ሊያኮርፍ አይችልም፤ ክፍሉ በሙሉ እየሳቀ ነውና። ይልቁንስ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይወረውራል፤ አዝማሪውም ቃል በቃል በዜማ ይደግምለታል። ለአለቃው፣ ለጓደኛው ወይም ለወደዳት ሴት በቀጥታ ሊናገር ያልደፈረውን በአዝማሪ አፍ ያስብላል። ከዚያ ብር ያወጣና ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ይህ ሽልማት ተራ ጉርሻ እንዳይመስለን። የብዙ አዝማሪ ዋና ገቢ ይኸው ስለሆነ፣ የእንግዳውን ስሜት ማንበብ ያልቻለ አዝማሪ ባዶ እጁን ያድራል። የካዛንቺሱን አዝማሪ ቤት ፈንዲቃን በኋላ ተረክቦ ስሙን በዓለም ያስጠራው እስክስታ ተጫዋቹ መላኩ በላይም በዚያው ቤት ለዓመታት የጨፈረው ያለ ደመወዝ፣ በሽልማት ብቻ ነበር።

ይህ ልማድ ከከተማይቱ ይቀድማል። ከጎንደርና ከጎጃም የሚነሡት አዝማሪዎች ሠርግ ቤት፣ ጠጅ ቤትና የመኳንንት ግብር እየዞሩ ሲዘፍኑ ሰሚው ስንኝ ያቀብላቸው ነበር። በዚህ መንገድ በአንድ ቤት የተባለ ነገር በማግሥቱ ሌላ መንደር ይደርሳል። ኃይሉን ጠላትም አልሳተውም፤ የፋሺስት ኢጣሊያው ገዥ ግራዚያኒ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ተዘዋዋሪ ዘፋኞችና ጠንቋዮች እየተያዙ እንዲረሸኑ ያዘዘው ወሬና ትንቢት በሕዝቡ መካከል ያሠራጫሉ ብሎ ነው። ጭፈራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር?

«ታዲያ የሆቴሎቹ የባንድ ዘመንስ?» የሚል ይኖራል። በደርግ ጊዜ ሂልተን ላይ ዋልያስ ባንድ ሲጫወት ማንም ስንኝ አላቀበለም፤ ሰው ግን ይጎርፍ ነበር። ተቃውሞው ብርቱ ነው። ነገር ግን የዚያን ዘመን ሌሊት ልዩ ያደረገውን እንመልከት፤ ሰዓት እላፊው ነበር። ሰዓቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢለዋወጥም፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ ጎዳና ላይ መገኘት አደጋ ስለነበረ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው በሩ ተዘግቶበት እዚያው ያነጋ ነበር። ባንዱም እስከ ንጋት መጫወት ነበረበት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ያወጋሉ፣ በአንድ ወለል ላይ ይጨፍራሉ። ሙዚቀኛው ረጅሙን ሌሊት የሚሞላው የጨፋሪውን ጉልበት እየተከተለ ነው፤ ሲደክሙ ያለዝባል፣ ሲነሡ ያፈጥናል። እዚህም ደንበኛው ድርሻ አለው፤ ድርሻው በግጥም ፈንታ በእግር ሆነ እንጂ። ሰዓት እላፊው ራሱ በረከት ነበር ማለቴ አይደለም፤ በር የተዘጋባቸው ሰዎች ውጭ የሚሆነውን ያውቁ ነበር።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ይከብደኛል። የደንበኛው ደስታ የተገዛው በሴቶች ኪሳራ ነው የሚል ነው፤ እውነትም ነው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በልብ ወለዱ በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ያሳየን ውቤ በረሃ ገላቸውን ሸጠው የሚያድሩ ሴቶች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ከገጠር በድህነት ወይም በትዳር መፍረስ ተገፍታ የመጣች ሴት በምትሠራበት ቡና ቤት ውስጥ ደንበኛው እንደልቡ ሲናገር እርሷ መሳቅና ማስጠጣት ብቻ ይጠበቅባት ነበር። ይህን የደበቀ የመሸታ ቤት ታሪክ ውሸት ነው። ሆኖም ይኸው ነገር አዝማሪ ቤትን ለይቶ ያሳየናል። አዝማሪዋ ሴት መልስ ትሰጣለች። የተዳፈራትን እንግዳ በአንድ ስንኝ አንገቱን ታስደፋዋለች፤ ቤቱም የሚያጨበጭበው ለእርሷ ነው። ከስድብና ከመከራ ሁሉ ትጠበቅ ነበር ለማለት አልደፍርም። ግን አፍ ነበራት፤ ደንበኛውም ሊጫወት የመጣው አፍ ካላት ሰው ጋር ነበር።

ደርግ ወድቆ፣ ሰዓት እላፊውም ሲቀር፣ አዝማሪ ቤቶች በካዛንቺስና በሌሎች ሰፈሮች እንደገና ያበቡት ሰው ይህን ጨዋታ ናፍቆ ስለነበረ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ግን ትልልቅ ድምፅ ማጉያ፣ ሰፊ አዳራሽና ዲጄ መጡ። ወጣቱ በእነዚያም ይደሰታል፤ አልነፍገውም፤ ጭፈራ ጭፈራ ነው። የሚያሳስበኝ ጠባቡ ክፍል ሲጠፋ ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንዲቃም አብሮ ፈረሰ፤ ዝግጅቶቹንም ወደ ሆቴል አዛወረ። ጥበቡ ሌላ ቦታ ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን ሰው ከአንዱ አዝማሪ ቤት ወጥቶ በእግሩ ሌላው ዘንድ የሚገባበት፣ አዲስ መጪው አዝማሪ ከነባሩ ጋር የሚፎካከርበት ሰፈር በኪራይ አዳራሽ አይተካም። የከተማ ፕላን የሚነድፉ ሰዎች ለመንገድና ለመናፈሻ ቦታ ሲለኩ፣ እንግዳው ከአዝማሪው አንድ ክንድ ርቆ ለሚቀመጥባት ዝቅተኛ ኪራይ ላላት ክፍልም ቦታ ሊለኩ ይገባል።