ሙሾ ወደ ፉከራ ሲሻገር

በጦርነት ጊዜ ለወታደር የሚዘመር ሙሾ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። ለሞተው ያለቅሳል፤ ያለውን ደግሞ ለግንባር ያነሳሳል። ሙሾው የት ላይ አብቅቶ ፉከራው የት ላይ እንደሚጀምር ለማየት በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሰበብ በእንግሊዝ የተደረሱ ሁለት ታላላቅ የመዘምራን ሥራዎችን እናነጻጽር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ብሪታንያ ወደ ጦርነት የገባችው ኦገስት 4 ቀን 1914 ነው። ባለቅኔው ሎረንስ ቢንየን «ለወደቁት» የተሰኘ ግጥሙን ታይምስ ጋዜጣ ላይ ያወጣው ሴፕቴምበር 21 ቀን ነበር። ጦርነቱ ሰባት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ገና በሕይወት ነበሩ፤ ሙሾው ቀድሟቸው ደረሰ።

የሙዚቃ ደራሲው ኤድዋርድ ኤልጋር ይህንን ግጥም ከሌሎች ሁለት የቢንየን ግጥሞች ጋር አድርጎ ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ አቀናበረው። በሜይ 1916 ሁለቱ ክፍሎች ለንደን ውስጥ ለቀይ መስቀል ገቢ ማሰባሰቢያ በተከታታይ ቀናት ቀረቡ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጁላይ 1 ቀን፣ የሶም ውጊያ ተከፈተ። በዚያ አንድ ቀን ብቻ 19,240 የብሪታንያ ወታደሮች ሞቱ።

ሦስተኛው ክፍል ግን ዘገየ። ኤልጋርን ያስቸገረው ጠላትን የሚያወግዘው ስንኝ ነው። የጀርመን የሙዚቃ ዓለም ባለውለታው ነበር። «የጄሮንቲየስ ሕልም» የተባለው ሥራው በ1900 በርሚንግሃም ላይ ተበላሽቶ ሲቀርብ፣ በቀጣዩ ዓመት ክብሩን የመለሰችለት የጀርመኗ ዱሰልዶርፍ ናት። በ1917 ግን በጀርመኖች ተስፋ ቆርጦ ክፍሉን ጨረሰው። ለጠላት የሚሆነውን ዜማም ከዚያው ከጄሮንቲየስ አመጣው፤ እዚያ የአጋንንት መዝሙር የነበረውን። ዱሰልዶርፍ ያከበረችው ሙዚቃ ጀርመኖችን አጋንንት ለማድረግ ዋለ።

ሁለተኛው ሥራ የቤንጃሚን ብሪተን «የጦርነት ፍትሐት» ነው። የኮቨንትሪ ካቴድራል ኖቬምበር 14 ቀን 1940 ሌሊት በጀርመን ቦምብ ነደደ። አዲሱ ካቴድራል በተመረቀበት ሰሞን፣ ሜይ 30 ቀን 1962፣ ይህ ሥራ እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘመረ። ብሪተን በሕሊናው ምክንያት መሣሪያ አላነሳም ያለ ሰው ነው። የላቲኑን ጸሎተ ፍትሐት ከዊልፍሬድ ኦወን ግጥሞች ጋር አዋሐደው። ኦወን መኮንን ነበር፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው በ25 ዓመቱ ተገደለ።

ብሪተን ለብቻቸው እንዲዘምሩ ያሰበው አንዲት ሩሲያዊት፣ አንድ እንግሊዛዊና አንድ ጀርመናዊ ነበር። የሶቪየት መንግሥት ጋሊና ቪሽኔቭስካያን ስለከለከላት ሄዘር ሃርፐር ተተካች። ጀርመናዊው ዲትሪሽ ፊሸር ዲስካው በሂትለር ሠራዊት ውስጥ የተሰለፈና የተማረከ ሰው ነው። በመጨረሻው ክፍል አንድ ወታደር ከሞት ወዲያ ራሱ የገደለውን ጠላቱን ያገኘዋል። የወታደሩን ቃል እንግሊዛዊው ፒተር ፒርስ፣ የተገዳዩን ቃል ጀርመናዊው ዘመሩት።

«ብሪተን የጻፈው መድፉ ዝም ካለ ከ17 ዓመት በኋላ ነው፤ ኤልጋር ግን የሞት ቴሌግራም በየቤቱ በሚገባበት ሰዓት ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ብሪተን የተዋሰው ግጥም በ1918 የተጻፈ ነው። ጠላቱን እንደ ሰው ያናገረው ኦወን የደንብ ልብሱን ገና አላወለቀም ነበር። ስለዚህ ጊዜው አያስችልም ማለት አያዋጣም።

ዛሬም ጦርነት ባለበት ሁሉ ለወደቁት ይዘመራል፤ ሊዘመርላቸውም ይገባል። እንዲህ ያለ ዜማ ሲደርሰን ለሟቹ ምን እንደሚል ብቻ አንስማ። ጠላት በማን ድምፅ እንደሚናገርም እናዳምጥ፤ በሰው ወይስ በአጋንንት? ቀጣዩ ተረኛ የሚመለመለው እዚያ ላይ ነውና።