ከኮሶ ቀን እስከ መንገድ ለሰው

አፄ ቴዎድሮስን ባላንጣዎቻቸው ሊያዋርዷቸው ሲፈልጉ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው ነበር። እናታቸው በችግራቸው ዘመን ጎንደር ላይ ኮሶ እየሸጡ ልጃቸውን አሳደጉ ስለሚባል ነው። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ ከስድቡ ውስጥ አንድ ነገር ይታያል፤ ኮሶ ገበያ ነበረው። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትል ከሆድ አይጠፋምና መኳንንቱም ባላገሩም፣ ወንዱም ሴቱም በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶውን ይጠጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ስለዚህ ልማድ ጽፏል፤ የኮሶን ዛፍ ሥዕልም በ1790 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ አውጥቶታል። አወሳሰዱ ቀላል አልነበረም። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፣ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱ እስከ ዛሬ መለኪያ ሆኖ ቀርቷል፤ የመረረንን ሁሉ «እንደ ኮሶ» እንላለን። የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤት አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም። «ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ ደጅ የሚጠናውም ሳይቀየም ይመለሳል።

እኔን ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚገርመኝ ሥርዓቱ ነው። መራራ፣ ሆድ የሚቆርጥ፣ ቀን ሙሉ ከሥራ የሚያስቀር ነገርን አንድ ሕዝብ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለዘመናት በቀጠሮ ሲወስድ ኖሯል። ጊዜው ሲደርስ ቤተሰቡ ያውቃል፣ አሽከሩ ያውቃል፣ ጎረቤቱም ያውቃል። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የሚያስመሰግንም ነገር የለውም። ወግ ነው፣ ይደረጋል።

ጉድለቱን መሸፈን ግን አይገባም። ኮሶ የገባውን ትል ያስወጣል እንጂ መግቢያውን አይዘጋም፤ ሰውየው ደኅና ሲሆን ወደ ጥሬ ሥጋው ይመለሳል። መጠኑ ሲበዛም የዓይን ብርሃን እስከ መንሳት የሚደርስ ጠንካራ መድኃኒት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ክኒኑ ሲመጣ የኮሶ ቀን ቀስ በቀስ ከቤታችን ወጣ። ጥሬ ሥጋው አልወጣም።

ዛሬ ስለ ልማድ የምንሰማው ምክር ከዚህ በጣም የራቀ ነው። አነቃቂ ተናጋሪዎቻችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሡ፣ ግባችሁን በወረቀት ጻፉ፣ 21 ቀን ታገሡ፣ ከዚያ ወዲያ ልማዱ ራሱ ይወስዳችኋል ይላሉ። ይህች 21 ቀን ከየት መጣች ቢባል ምንጭ አላት። ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፊታቸው የተስተካከለላቸው ሰዎች አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «ቢያንስ» የሚለው ቀረና የአንድ ሐኪም ትዝብት ሕግ ሆነ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ያጠኑት ግን ሌላ ነው። አዲስ ልማድ ያለ ብዙ ማሰብ መደረግ እስኪጀምር መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆነ፤ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን አላፈረሰውም። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ተሳታፊዎቹ የመረጡትን አዲስ ነገር ቀድሞ ከነበረ የዕለት ድርጊት ጋር እንዲያስሩት መደረጉ ነው፤ ከቁርስ በኋላ፣ ከምሳ ጋር፣ እንዲህ እያሉ።

ይህን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን ያለ ጥናት ያውቀዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከላሊ 66 ብዙ አይርቅም፣ ከማልትዝ 21 ግን ይበልጣል። (ይህን ለጨዋታ ነው የማነሣው፤ ጾም ለጤና ተብሎ አልተሠራም፣ ለክብደት መቀነሻ የሚጾም ሰው ቢኖርም ንስሐ አባቱ ያርሙታል።) አሠራሩን ስናይ ግን ብዙ እንማራለን። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ማንም ሊያስታውሳቸው አይጨነቅም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሉካንዳው ይዘጋል፣ ምግብ ቤቱ የጾም ብሎ ይለጥፋል፣ እናት ሽሮዋን ቀድማ አስፈጭታለች፣ እንግዳ የተቀበለም ሰው ቅቤ ያለበት ወጥ ብሉልኝ ብሎ አይማጸንም። ጿሚው ሥጋ ልብላ አልብላ እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት አይውልም፤ ሥጋው ከፊቱ ተነሥቶለታል። በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ሰሁሩና ኢፍጣሩ በሰዓቱ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል፣ ይሰበስባል። ብቻውን በ11 ሰዓት ለመነሣት ስልኩን አራት ጊዜ የሚያጠፋ ወጣት ለሰሁር ሲሆን ማንም ሳይገፋው ይነሣል።

በፋሲካ ሌሊት ስለምናደርገው ነገር ብዙ ባልናገር ይሻላል። ሁለት ወር ገደማ ያረፈን ሆድ በአንድ ሌሊት በዶሮ ወጥና በቅቤ መሙላት የልማዱ ደካማ ጎን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቀን መቁረጫም ልክ ማሳያም አልተበጀም።

ጥንታዊ የሚመስለን ሁሉ ጥንታዊ እንዳልሆነም ማወቅ ደግ ነው። በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ቡና እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማገባደጃ የእስላም መጠጥ ተብሎ ይነቀፍ ነበር። ያ ነውር ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ እየላላ ሄዶ አሁን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይባልበት የሚውል ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። ቡናን ያስፋፋው አዋጅ አይደለም። ጎረቤት ጎረቤቱን ስለጠራ ነው።

የኢትዮጵያ ልማዶች ሁሉ ሲታዩ ግን ለእኔ ዋናው ምስክር ኅዳር ሲታጠን ነው።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. በዓለም ላይ የስፔን ጉንፋን የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ። ሕዝቡ የኅዳር በሽታ አለው። ቤተሰብ በሙሉ ተኝቶ ውኃ የሚያቀብል የጠፋበት፣ ቆፋሪና ቀባሪ ያነሰበት ጊዜ ነበር። በከተማይቱ ብቻ የሞተው በሺዎች ይቆጠራል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ቢበዙም የሚያደርጉት ብዙ ነገር አልነበራቸውም፣ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ራሱ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነውና። ሰው በያዘው ዕውቀት ፈረደ፤ በሽታው ከቆሻሻና ከመጥፎ አየር መጣ አለ። ጠረገ፣ ሰበሰበ፣ አቃጠለ።

ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 የሚካኤል ዕለት በየዓመቱ ግቢ ይጠረጋል፣ ጓሮ ይመነጠራል፣ አሮጌው ጨርቅና ገለባ ደጅ ላይ ተከምሮ ይለኮሳል። ሕፃናት እሳቱን ይዘላሉ፣ ከተማው በጢስ ይታፈናል። ነገሥታቱ አለፉ፣ ጣሊያን ገብቶ ወጣ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፤ ይህችን ቀን የሻራት የለም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታለች። ጠራጊውን የሚቆጣጠር ደንብ አስከባሪ የለም፤ የጎረቤት ደጅ ሲጠረግ የራስን ደጅ እንዳደፈ መተው ስለሚያሳፍር ብቻ ይጠረጋል።

ጢሱ ቫይረስ እንደማይገድል ዛሬ እናውቃለን። ድሮ ገለባና ቅጠል ይቃጠል የነበረበት ክምር ላይ አሁን ፌስታል፣ የላስቲክ ጠርሙስና ጎማ ስለሚጨመር ጢሱ ራሱ የሳንባ ጠንቅ ሆኗል። ፍርዴን ልናገር፦ መጥረጊያው ይቀጥል፣ ክብሪቱ ይቅር።

ይህን ከ2012ቱ ኮሮና ጋር ያስተያዩት። ያን ጊዜ በየባንኩ፣ በየሱቁ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜልና ሳሙና ቆሞ ነበር። እጁን ሳይታጠብ የሚገባ አልነበረም። ትእዛዙ ሲላላ በርሜሉ መጀመሪያ ውኃ አጣ፣ ቀጥሎ ሳሙናው ጠፋ፣ በመጨረሻ እሱም ተነሣ። በሕክምናው ዓይን እጅ መታጠብ ከጢስ ይልቅ እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን ቀን አልተሰጠውም፣ ከምንም የቆየ ነገር ጋር አልታሰረም፣ የሰፈርም ጉዳይ አልሆነም። የተሻለው ልማድ ሞተ፣ ያነሰው ኖረ።

የመጸዳጃ ቤት ታሪክም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ጎንደር አጠገብ ያለውን ደንቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ባስከተለው ድንጋጤ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽህና ባለሙያዎችን ማውጣት ጀመረ። ባለሙያዎቹ ለዓመታት ጉድጓድ ቆፍሩ እያሉ አስተማሩ። ሆኖም በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ የጋራ ክትትል መሠረት በ1990 እ.ኤ.አ. ከመቶ ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር። በ2015 ይህ ቁጥር ወደ 29 ወረደ። በመካከል የሆነው ትልቁ ነገር እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። በየቤቱ ገቡ። ቡና ተፈልቶላቸው ስለ ጉድጓድ፣ ስለ አጎበር፣ ስለ ክትባት አወሩ። የተማሩትን ሠርተው ያሳዩ ቤተሰቦች «ሞዴል» ተብለው በሰው ፊት ተመርቀው ምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ጎረቤት ቀና፤ ቅናቱም አካፋ አስያዘ።

ለሪፖርት ብቻ የተቆፈረ፣ ክረምት ሲገባ የተናደ፣ እንጨት ማከማቻ የሆነ ጉድጓድም ሞልቷል። ከደጁ የተንጠለጠለችው የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ብዙ ጊዜ ባዶ ናት። ቢሆንም በሃያ አምስት ዓመት የመጣውን ለውጥ ማሳነስ ግፍ ነው።

አሁን ደግሞ ችግራችን ሌላ መልክ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከሚሞቱት ከአሥሩ አራቱ ገደማ የሚሞቱት ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ነው፤ የልብ፣ የስኳር፣ የካንሰርና መሰሎቻቸው። አለመንቀሳቀስ ከመንስኤዎቻቸው አንዱ ነው፤ ይህ ግን የእግረኛ አገር ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አጠገብ ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ደብተር ይይዝበት የነበረውን ክንዱን ሰብሰብ አድርጎ መሮጡ በዓለም ትራኮች ላይ ሳይቀር ታይቷል። እሱን ማንም «ስፖርት ሥራ» አላለውም፤ መንገዱ ሩቅ ስለነበር ሮጠ። የዛሬ ልጅ በሰርቪስ ሄዶ፣ ሲቀመጥ ውሎ፣ በሰርቪስ ይመለሳል።

ኃይሌ ያቋቋመው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. 10,000 ሰው አሰልፎ ተጀመረ፤ የመጀመሪያውንም ራሱ አሸነፈ። ዛሬ ተሳታፊው ከ40,000 በላይ ነው። ብዙው ሰው እየጨፈረ የሚራመድ እንጂ የሚሮጥ አይደለም፣ ደግሞም በዓመት አንድ ቀን ነው ብሎ የሚያናንቀው አለ። እኔ አልናቅሁትም። ቲሸርቱን የገዛ ሰው ከመስከረም ጀምሮ ጃን ሜዳ ወይም እንጦጦ ላይ ጓደኛ ይዞ መለማመድ ይጀምራል፤ የዓመቱ ቀን ሳምንታቱን ይጎትታል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ደግሞ በወሩ የመጨረሻ እሑድ መኪና ከጎዳና አስወጥቶ ሕፃኑንም አዛውንቱንም አስፋልት ላይ አሮጠ። በየወሩ መሆኑ ጥሩ ነበር። መንግሥት ሲያደራጀው ብቻ የሚደምቅ መሆኑ ግን ከኅዳር 12 ያሳንሰዋል። በራሱ የሚቆመው እያንዳንዱ ሰፈር የኔ ሲለው ነው።

የኔ የሚባል ነገር ደግሞ አለን። ዕድር በየወሩ ይሰበሰባል፤ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ መዋጮ ይከፈላል። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት ይገዛል። አባሎቹን ቀብሮ የሚያውቅ ማኅበር ነው፤ ደም ግፊታቸውን ለክቶ አያውቅም። የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ የግፊት መለኪያ እንዲገዛ አጀንዳ አስይዙ፤ መንደራችሁ ውስጥ ያለችውን ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥሩና መዋጮ የሚከፍል ሁሉ ሳይለካ አይሂድ በሉ። ከዚያ በኋላ ስሙ ተጠርቶ ሁለት ወር ሳይለካ የቀረውን አባል ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁት።