ከጆሮ ወደ አንጐል የሚዘልቀው መግል

የሕፃን ጆሮ መግል ሲያወጣ «ሲያድግ ይተወዋል» ማለት በእኛ ዘንድ የቈየ አነጋገር ነው። አንዳንዱንም በእርግጥ ይተወዋል። ነገር ግን የመካከለኛው ጆሮ ጣራ እጅግ ስስ ዐጥንት መሆኑን፣ ከዚያም በላይ ያለው አንጐል መሆኑን የተረዳ ሰው ይህን ቃል በድፍረት አይናገረውም። ለዓመታት ሲፈስ የኖረ መግል ይህን ዐጥንት በልቶ በአንጐል ውስጥ ሊቋጥር ይችላል። በሽተኛውም ራሱን እያመመው፣ እያስመለሰውና እየፈዘዘ ይሄዳል። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ከዚህ ሕመም የሚተርፍ እጅግ ጥቂት ነበር።

ይህን ታሪክ ከለወጡት ሐኪሞች ዋናው የስኮትላንድ ተወላጁ ዊልያም ማክዩዌን ነው። በግላስጎው የጆሴፍ ሊስተር ተማሪ ስለ ነበረ፣ ቍስልን ከጀርም የመጠበቅን ጥበብ ከምንጩ ቀድቶአል። ፈረንሳዊው ፖል ብሮካ ደግሞ በ1861 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የንግግር ችሎታ በግራው አንጐል የፊት ክፍል መኖሩን አሳይቶ ነበር። ማክዩዌን ሁለቱን ትምህርቶች አጣመራቸው።

በ1876 አንድ ልጅ ቅንድቡ ላይ ከቈሰለ በኋላ ትኵሳት ያዘው፤ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፤ አንደበቱም ተያዘ። በዚያን ጊዜ የ28 ዓመት ወጣት የነበረው ማክዩዌን፣ መግሉ የተቋጠረበትን ስፍራ ከምልክቶቹ ለይቶ የራስ ቅሉን ለመክፈት ጠየቀ። ፈቃድ ግን አልተገኘም፤ ልጁም ሞተ። ከሞተ በኋላ ራሱ ሲከፈት መግሉ ሐኪሙ ካመለከተው ስፍራ ላይ ተገኘ። እንቢ ያሉትን ለመውቀስ ይከብደኛል፤ በምልክት ብቻ ተመርቶ የልጅን ራስ ቅል የሚከፍት ሐኪም ከዚያ በፊት አይተው አያውቁም ነበርና።

የዚያ ልጅ ሕመም ከቍስል እንጂ ከጆሮ የመጣ አልነበረም። ሆኖም ያው የምርመራ መንገድ ለጆሮ በሽተኞች መድኀኒት ሆነ። ከጆሮ የሚነሣው መግል አብዛኛውን ጊዜ የሚቋጠረው ከጆሮ በላይ ባለው የአንጐል ክፍል ወይም ከኋላ ባለው ትንሹ አንጐል ነው። ከጆሮ በስተኋላ ያለውን ዐጥንት መክፈትን ጀርመናዊው ሄርማን ሽዋርትሰ በ1873 በደንብ አስተምሮ ነበር። ማክዩዌን ያጠበቀው ነገር ይህ ነው፦ የአንጐሉን መግል ብቻ ማፍሰስ አይበቃም፤ የበሰበሰው የጆሮ ዐጥንትም ካልተጠረገ ምንጩ አልደረቀም። መግሉ የሚወርድበትን ቱቦ እንኳ ያበጀው ከዶሮ ዐጥንት ነበር፤ በመድኀኒት ስለሚለሰልስ ሰውነት ራሱ ያሟሟዋል።

በ1893 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በአንጐል መግል ምክንያት ቀዶ ሕክምና ካደረገላቸው 19 በሽተኞች 18ቱ ድነዋል። ቍጥሩን ሁለት ጊዜ ደግሜ አየሁት፤ ኤክስሬይ የተገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ፔኒሲሊን ለሐኪሞች እጅ የደረሰውም በ1940ዎቹ ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ አንጐልን ከውጭ ሆኖ የሚያሳየው የሲቲ ስካን መሣሪያ ስለ መጣ፣ ሐኪሙ መግሉን አይቶ በቀጭን መርፌ ይቀዳዋል፤ በሽተኛው ለሳምንታት መድኀኒት ይወስዳል፤ ከዚያም የጆሮው ዐጥንት ይጠረጋል።