የመተማ የጦር ሜዳ ቅሪቶች

የመተማ የጦር ሜዳ ቅሪቶች የሚባሉት በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ላይ በተደረጉ ጦርነቶች ምክንያት በመሬት ውስጥ የሚቀሩ ጥይቶች፣ ቀለሆች፣ የመድፍ ስብርባሪዎችና ያልፈነዱ ተተኳሾች ናቸው። አካባቢው ዛሬ በአብዛኛው ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚመረትበት የእርሻ መሬት ነው። በእንዲህ ያለ መሬት ውስጥ ያለ ብረት በመሣሪያ ሊታወቅ ይችላል፤ ነገር ግን የተገኘው ብረት ቅርስ፣ ፈንጂ ወይም የማረሻ ስባሪ መሆኑን መሣሪያው ለይቶ አይናገርም።

የ1881 ዓ.ም. ጦርነት

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዓፄ ዮሐንስ ፬ኛ በዘኪ ቱመል የሚመራውን የመሐዲስት ጦር መተማ (ጋላባት) ላይ ገጠሙ። መሐዲስቶች በዘሪባ፣ ማለትም በእሾህ አጥር በተከበበ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። የኢትዮጵያ ጦር ምሽጉን ሰብሮ ገብቶ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ስለቆሰሉ ጦሩ አፈገፈገ፤ እርሳቸውም በማግስቱ አረፉ። የድንበሩ ከተማ መተማ ዮሐንስ የሚለው ስም ከእርሳቸው የመጣ ነው። በዚህ ዘመን በሁለቱም ወገን ሬሚንግተን ጠመንጃ ይገኝ ነበር። የዚህ ጠመንጃ ጥይት ከእርሳስ፣ ቀለሁ ደግሞ ከነሐስ የሚሠራ ነው።

የ1933 ዓ.ም. ጦርነት

የጣሊያን ጦር ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ጋላባትን ከእንግሊዞች ያዘ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የህንድ ብርጌድ በመድፍና በታንክ ታግዞ ጋላባትን መልሶ ቢይዝም፣ መተማን መያዝ አልቻለም። ብዙዎቹ ታንኮች በድንጋይና በፈንጂ ምክንያት ተበላሹ፤ የጣሊያን አውሮፕላኖችም በሰማይ የበላይነቱን ስለያዙ ብርጌዱ ለመልቀቅ ተገደደ። ጣሊያኖች መተማን የለቀቁት በጥር ወር 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ሲያፈገፍጉ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ በፈንጂ አጥረው ሄዱ።

ያለ መሣሪያ የተጠረገ መንገድ

ይህን መንገድ ከጠረጉት መካከል የ22 ዓመቱ ህንዳዊ መኮንን ፕሬሚንድራ ሲንግ ብሃጋት ይገኝበታል። ከጥር 23 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ቀናት ውስጥ 55 ማይል (88 ኪሎ ሜትር ገደማ) በሚሆን መንገድ ላይ 15 የፈንጂ ወረዳዎችን ፈልጎ አስጠርጓል። የተሳፈረበት ተሽከርካሪ ሁለት ጊዜ በፈንጂ ተመትቶ አብረውት የነበሩ ሰዎች ተጎድተዋል፤ የእርሱም አንድ የጆሮ ታምቡር ተቀዷል። ሆኖም ተተኪ ይላክልህ ቢባል አልተቀበለም። በዚህም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቪክቶሪያ ክሮስ ሜዳይ የተሸለመ የመጀመሪያው ህንዳዊ ሆነ።

ፖላንዳዊው ዮዜፍ ኮሳትስኪ የሠራው፣ በእጅ የሚያዘው የፈንጂ መፈለጊያ በሰፊው ጥቅም ላይ የዋለው ከዚህ በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም. መጀመሪያ በኤል አላሜይን ጦርነት ነው።

የብረት መፈለጊያ አሠራር

መሣሪያው ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት የሽቦ ጥቅል አለው። ጥቅሉ ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ የተቀበረ ብረታ ብረት ሲያገኝ በላዩ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሳል፤ ይህ ጅረት በተራው የራሱን መስክ ስለሚፈጥር መሣሪያው ለውጡን በድምፅ ያሳውቃል። የድምፁ ልዩነት የብረቱን ዓይነትና መጠን ለመገመት ይረዳል እንጂ ምንነቱን አያረጋግጥም።

አፈሩም የራሱ ተጽዕኖ አለው። ብረት ነክ ማዕድን የበዛበት አፈር የሐሰት ምልክት ይሰጣል። ዋልካ አፈር ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በዚህ እንቅስቃሴ የተቀበሩ ነገሮች ወደ ላይ ሊወጡ ወይም ወደ ታች ሊሰምጡ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ የታረሰ መሬት ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

አደጋው

የዛገ ተተኳሽ የሞተ ተተኳሽ አይደለም። በውስጡ ያለው ፈንጂ ለአሥርተ ዓመታት ሳይበላሽ ሊቆይ ይችላል፤ የማፈንጃው ክፍል ሲዝግ ደግሞ ባሕርዩን መገመት ያስቸግራል። አጠራጣሪ ብረት ያገኘ ሰው ሳይነካው፣ ሳያነሳውና እሳት ሳያነድበት ቦታውን ምልክት አድርጎ በመጣበት መንገድ መመለስ፣ ሌሎችን ማስጠንቀቅና ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። በተለይ ለልጆችና ብረት ለቅመው ለሚሸጡ ሰዎች ይህን መንገር ያስፈልጋል።

ቅርስና ሕግ

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለመፈለግና ለማጥናት ፈቃድ ያስፈልጋል። በአጋጣሚ፣ ለምሳሌ በእርሻ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያውኑ ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ መጠበቅ ይኖርበታል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ጥይት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ጥይቶች በየት በኩል እንደወደቁ ሲመዘገብ ግን ተኳሾቹ የት እንደነበሩና ምሽጉ በየት በኩል እንደተሰበረ ማወቅ ይቻላል። ተነቅሎ የተወሰደ ጥይት ይህን መረጃ ያጣል።

በዚሁ ቆላ የሚገኘው ሽንፋ–መተማ 1 የተባለው የአርኪዮሎጂ ሥፍራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በጆን ካፕልማን የተመራ ቡድን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በሱማትራ ደሴት የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ ደቃቅ የመስታወት ብናኝ በሥፍራው መገኘቱን ገልጿል። ሰዎች ከፍንዳታው በኋላም እዚያ እንደኖሩና ዓሣ አብዝተው እንደበሉ የታወቀው ብናኙ፣ የድንጋይ መሣሪያዎቹና አጥንቶቹ በየትኛው የአፈር ንብርብር እንዳሉ በጥንቃቄ ስለተመዘገበ ነው። የብረት መፈለጊያ ድንጋይና አጥንት አያሳይም፤ ብረት ብቻ እየፈለገ የሚቆፍር ሰው እንዲህ ያለውን ማስረጃ ሳያውቀው ሊያጠፋ ይችላል።